ርክክብ በዶሮዋ ሴት ክፍል

እህቴ ላሊ ባሏን «እርስዎ» ማለት የጀመረችው ባለፈው የሙቀት ወራት ነው። ጠዋት ወተትና ዳቦ ሲያቀርብላት ቀና ብላ አየችውና «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ አስቸገርኩዎ» አለችው። ካሲሚሮ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔም እዚያው ነበርኩና አብሬ ሳቅሁ። ማታ ራት ሲያቀርብላትም «ጌታዬ» ስትለው ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ከዚያን ቀን ወዲህ፣ ዕድሜ ልኩን አብሯት የኖረው ሰው ለእሷ ቤት ውስጥ ጉድ ጉድ የሚል ደግ ሽማግሌ ሆነ፣ በቃ።

እኔን አልረሳችኝም። እኔ ፊሎ ነኝ፣ ታናሿ። የምንኖረው አንድ ሕንፃ ላይ ነው፣ እነሱ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ። በራቸውን ከፍቼ ስገባ «ፊሎ፣ ፀጉርሽን ምን አደረግሽው፣ አይጥ ነው የላጨሽ?» ትለኛለች። እንደ ድሮዋ ስትሰድበኝ ደስ ይለኛል። ካሲሚሮ ጥግ ላይ ቆሞ ሲሰማን ግን ደስታዬ መልሶ ይመረኛል። ሰው እህቱ ስላወቀችው ያፍራል? እኔ አፈርኩ።

ላሊ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ከመንገዳችን ግርጌ ባለው ትልቁ ሙዚየም የክፍል ጠባቂ ነበረች። ሰው ይሄ ሥራ ወንበር ላይ ማንቀላፋት ይመስለዋል፤ እሷ ፊት እንዲህ ያለ ሰው ግን ወዮለት። ካሲሚሮ ደግሞ ሥዕል ገልባጭ ነው። ሸራውን ይዞ ከታላላቆቹ ሥዕሎች ፊት ይቆምና እነሱኑ አስመስሎ ይሥላል። ሙዚየሙ ለዚህ ፈቃድ ይሰጣል፣ የተወሰነ ቀንም ይመድባል። አንድ ጥብቅ ሕግ ግን አለ፤ ቅጂው ከዋናው ወይ መተለቅ ወይ ማነስ አለበት እንጂ እኩል መሆን አይችልም፣ አንዱ ብልጥ መጥቶ እንዳይለዋውጣቸው።

ካሲሚሮ በወጣትነቱ ላሊ ትጠብቀው በነበረው ክፍል ያለችውን ዶሮ የታቀፈች ሴት ሊገለብጥ መጣ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሥዕሏ ያን ያህልም አይደለችም። ገበያ መሃል ነጭ ዶሮ ብብቷ ሥር ሸጉጣ የቆመች ሴት ናት፣ ዶሮዋን ትሽጣት ወይስ ይዛት ትመለስ ገና ያልቆረጠች። እሷን ለመገልበጥ ወራት ፈጀ። ጨረሰና እንደገና ፈቃድ አወጣ፣ ለዚያችው ዶሮ። ቀጥሎም እንደገና። የቢሮ ሰዎች ሰውዬውን ምን ነካው አሉ። ላሊን ማናገር ፈርቶ እንጂ ሌላ ምን ይነካዋል! በስተመጨረሻ ጫማዋ ላይ ቀለም አንጠባጥቦ ይቅርታ ሲጠይቅ ነው ወሬ የጀመሩት። ዛሬ ቤታቸው ብትገቡ ኮሪደሩ ላይ ትንንሽ ዶሮ፣ ወጥ ቤት መዳፍ የምታክል ዶሮ፣ መኝታ ቤት ደግሞ ሰው የምታስደነግጥ ግዙፍ ዶሮ ታገኛላችሁ።

በመከር ነገሩ ባሰ። ላሊ አንድ ቀን ማለዳ የድሮ የሥራ ጃኬቷን ለብሳ ወጣች፤ አግኝቶ የመለሳት የዳቦ ቤቱ ሰው ነው። ሌላ ቀን ጋዙን ከፍታ ረሳችው። ሕንፃችን አሳንሰር የለውም፣ የካሲሚሮ ልብም ደረጃ አትወድም። ሐኪሞቹ መከሩ፣ ተማከሩ፣ ከከተማ ውጭ ባለ የአረጋውያን ማረፊያ ቦታ ተገኘላት። ሰኞ ጠዋት መኪና ይመጣል ተባለ።

እኔ ደሜ ፈላ። ሚስትህን እንደ አሮጌ ሶፋ አውጥተህ ልትጥላት ነው ወይ አልኩት፣ በዚህ አፌ። እንግዲያውስ እኔ አስታምማታለሁ ብዬ ወደ ቤቴ አወረድኳት። ሳምንት ሳይሞላኝ ወገቤ ተቆረጠ። እጇን ይዤ ወደ ላይ ስመልሳት ካሲሚሮ በሩን ከፈተልኝ፤ ዓይኑን ማየት አቃተኝ። አንድ ቃል ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር፣ እሱ ግን እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም።

እሁድ ከሰዓት፣ መኪናው ሊመጣ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ በሬን አንኳኳ። ጥሩ ኮቱን ለብሷል። ሲላጭ አገጩን ቆርጦ የወረቀት ቁራጭ ለጥፎበታል።

«ወደ ዶሮዋ ሴት ልወስዳት ነው» አለኝ። «አብረሽን ነይ። ከእኔ ጋር ብቻዋን አትወጣም።»

ይሄ ሰው ለየለት አልኩ በልቤ። ሻንጣዋ ገና አልታሰረም፣ ማረፊያው እንዳዘዘው ካልሲዎቿ ላይ ስሟ አልተሰፋም፣ እሱ ዶሮ ሊያሳያት ተነስቷል! ይህንኑ ከነቁጣው ዘረገፍኩለት። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀኝ።

«ፊሎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን እንድትጠራኝ ነው የምፈልገው» አለ። «እንግዳ ሰው ሆኜ ለሌላ እንግዳ አሳልፌ ልሰጣት አልችልም። ስሜን ትጥራኝና ከዚያ ነገ እኔው ራሴ መኪናው ድረስ ይዤአት እወርዳለሁ።»

«ባትጠራህስ?»

«አላውቅም» አለ።

ቦርሳዬን አነሳሁ።

መንገዳችን የሁዌርታስ ቁልቁለት እሁድ ከሰዓት ምን እንደሚመስል የማድሪድ ሰው ያውቀዋል። ምሳው ላይ የጀመረውን መጠጥ ያልጨረሰ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለ፣ ውሻ የሚጎትት፣ ውሻ የሚጎትተው፣ ሁሉም መሃል መንገዱን ይዞ ይፈሳል። ላሊ የእኔን ክንድ ይዛለች። ካሲሚሮ በሌላ ጎኗ ክንዱን ሲዘረጋላት «ግድ የለም ጌታዬ፣ እህቴ አለችልኝ» አለችው በትሕትና። እሱም ትንሽ ወደኋላ ቀረት ብሎ ተከተለን። ንጣፉ ላይ የተቀበሩትን የነሐስ ፊደላት ላሊ እንደ ልማዷ እየተሻገረች ነበር የምትራመደው፤ ጽሑፍ አይረገጥም ትላለች፣ ድሮም። የሚያውቃት አንድ አሳላፊ ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሆኖ፣ ወይዘሮ ላሊ ዛሬ ደግሞ በሁለት አጃቢ ነው ወይ አላት። እሷም አንዷ እህቴ ናት፣ እኚህን ሰው አላውቃቸውም፣ ግን ጨዋ ናቸው ብላ መለሰችለት። አሳላፊው ሳቀ። ካሲሚሮም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ዞሬ ላየው አልደፈርኩም።

ትልቁን ጎዳና ተሻግረን ዛፎቹ ሥር ስንደርስ የላሊ እርምጃ ተቀየረ። እኔን መጎተት ጀመረች። ያመራችው ወደ ጎብኚዎች ሰልፍ ሳይሆን በጎን በኩል ወዳለው የሠራተኞች በር ነው። ዛሬ በዋናው በር ነው የምንገባው ብዬ ለመንኳት። የእኛን በር እየቀቡት ነው ማለት ነው አለችና እሺ አለች። ካሲሚሮ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። «አየሽ፣ ታስታውሳለች» አለኝ በጆሮዬ። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው እንዲህ በትንሽ ነገር ሲፈካ ማየት ሆድ ይበላል። ገና ነው፣ ዝም በል አልኩት።

ውስጥ ከገባን በኋላ መንገዱን የመራችን እሷው ነች። ኮሪደሩን፣ መታጠፊያውን፣ ትልቁን አዳራሽ፣ አንዱንም አልሳተችም። ነገን ለአፍታ ረሳሁት። እንዲያውም ይሳካለት ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ካሲሚሮ ቀድሞን ገባና ባለበት ቆመ።

በዶሮዋ ሴት ቦታ ጉንጩ የተነፋ ጳጳስ ተሰቅሏል።

ላሊ ከታመመች ጀምሮ ካሲሚሮ ወደ ሙዚየሙ እግሩን አላነሳም፣ ልቡ አልቻለለትም። በዚህ መሃል አንዳንድ ሥዕሎችን አዘዋውረው ኖሯል። ሌሎቹ የድሮ ሥዕሎች በየቦታቸው አሉ፤ አዳኙ አለ፣ ወይኑና ሐብሐቡ አለ፣ የታመመው ልጅ አለ። እሷ ብቻ የለችም። ካሲሚሮ ወደ እኔ ዞረ። ጠይቆ መምጣት ሲገባው፣ ስልክ መደወል ሲገባው! ልቆጣው ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ላሊ ክንዴን ለቀቀች። ከበሩ ጀምራ ወደ ቀኝ ግድግዳዎቹን በዓይኗ ዞረቻቸው፣ ልክ ጠባቂ ንብረቱን እንደሚቆጥር። ጳጳሱ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ከዚያ ሄዳ በሩ አጠገብ ካለው የጠባቂ ወንበር ጎን ቆመች። ወንበሩ ባዶ ነበር፣ ግን አልተቀመጠችም። እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ጀርባዋን አቀናች። ስንት ወር ጎብጣ የከረመችው እህቴ ያን ሁሉ ቁመት የት ደብቃው እንደቆየች እንጃ።

«ፊሎ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዷ የለችም።»

ወደ ሌላ ክፍል ወስደዋት ይሆናል አልኳት። ካርዷስ የታለ አለችኝ። ሥዕል ለጥገናም ይሁን ለሌላ ነገር ሲነሳ የት እንደሄደ የሚናገር ትንሽ ካርድ በቦታው ይሰቀላል። ካርድ ከሌለ ተሰርቋል ማለት ነው። ለጠባቂ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ነይ እንሂድ፣ ለአለቆቹ እንንገር ብዬ እጇን ስይዝ ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። ጠባቂ ተረካቢው ሳይመጣ ክፍሉን ጥሎ አይሄድም አለችኝ። በተለይ ዛሬ፣ በተለይ አንዷ ጎድላ።

እናም ሥራዋን ያዘች። አፍንጫውን ሐብሐቡ ላይ ሊያስነካ የደረሰውን ጎልማሳ እባክዎ ወደኋላ አለችው፣ ሰውየውም ይቅርታ ብሎ አፈገፈገ። አንዲት እናት ልጇን ብድግ አድርጋ ወሰደችው። ግራጫ ሹራብና የቤት ጫማ ነበር ያደረገችው እኮ፤ ግን ድምጿ ልክ ነው፣ አቋቋሟ ልክ ነው፣ ማንም ማን ነሽ አላላትም። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁባት። ከዚያ እንዴት አድርገን እንደምናስወጣት ግን አላውቅም ነበር።

የክፍሉ እውነተኛ ጠባቂ ቆይታ መጣች። በዚያ ቀን ሁለት ክፍል ደርባ ትጠብቅ ኖሯል። ቤጎኛ ትባላለች፣ አርባዎቹን የያዘች፣ ደልደል ያለች ሴት፣ ወገቧ ላይ ቁልፍ የሚንሿሿ። ታስወጣናለች ብዬ ቀድሜ ልጣላት ተዘጋጀሁ። እሷ ግን ላሊን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፣ ወደ እኔ ዞረችና በሹክሹክታ የየትኛው ክፍል ጠባቂ ነበሩ አለችኝ። እዚሁ አልኳት። የቀረውንም ነገርኳት፣ የነገውን መኪና ሳይቀር። የዶሮዋ ሴት ላይኛው ፎቅ መጨረሻ ላይ እንዳለች ነገረችን።

ካሲሚሮ ይህን ሲሰማ ነፍሱ ተመለሰች። ወደ ላሊ ሄዶ፣ ሥዕሏ አልጠፋችም፣ ላይ ነው ያለችው፣ አብረን እንያት ብሎ ለመናት። አይሆንም አለችው። እየደጋገመ ለመናት። ክፍሌ ይሄ ነው፣ ላይኛው የሌላ ሰው ነው አለችው። በዚህ ጊዜ ነው ያ ትዕግሥተኛ ሰው የተሸነፈው። ቀረበና ሁለቱንም እጇን ያዘ።

«ላሊ፣ እኔ ነኝ። እዪኝ። ካሲሚሮ ነኝ።»

አየችው። አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። በጣም አዘነችለት፣ ያ ነው የባሰው።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ሥዕሏ የለችም» አለችው። «ከሩቅ መጥተው ከሆነ ይቅርታ። ሌላ ቀን ይሞክሩ።»

እጆቿን ለቀቀ። ክፍሉ መሃል ያለው አግዳሚ ወንበር ድረስ ሄዶ ተቀመጠና ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ማየት ጀመረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አላልኩህም ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስሙን ከራሱ አፍ ሰምታው እንኳ ምንም አላላትም። ከዚህ ወዲያ የሚሞከር ነገር አልነበረም።

ሊዘጋ ነው የሚለው ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያው ተነገረ። ሰዉ መውጣት ጀመረ፣ ክፍሉ እየሳሳ ሄደ። ላሊ በሩን ታያለች፣ ጳጳሱን ታያለች፣ መልሳ በሩን ታያለች። ተረካቢዬ ቀረች እኮ ፊሎ፣ ለማን ነው የማስረክበው አለችኝ። ፍርሃቷን ሳይ አልቻልኩም። እናታችን ገበያ መሃል የጠፋችብን ቀን ነበር እንዲህ ያየኋት፣ ልጆች ሳለን። ተነስቼ አቀፍኳት። ቀጥ ብላ ቆመች፣ በሥራ ሰዓት አትታቀፍማ።

ቤጎኛ ወጣች። ሰው ልትጠራብን ነው አልኩ። ጥቂት ቆይታ በዚያው በር ተመልሳ ገባች፤ ጃኬቷን እስከ ላይ ቆልፋዋለች፣ ፀጉሯን አስይዛዋለች፣ ቁልፎቿን እንዳይንሿሿ በእጇ ጨብጣቸዋለች። ቀጥ ብላ ላሊ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ደህና ዋልሽ» አለቻት። «ልረከብሽ መጥቻለሁ።»

ላሊ የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች። «ዘገየሽ» አለቻት።

«መንገድ ይዞኝ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከዚያ ርክክቡ ተጀመረ። እህቴ ያችን ሴት ክንዷን ይዛ ክፍሉን ዙሪያውን አዞረቻት። የአዳኙን ክፈፍ ልጆች መንካት እንደሚወዱ፣ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያው የሚመጣው ብርሃን ወይኑ ላይ ሲያርፍ መጋረጃ መሳብ እንዳለበት፣ የታመመው ልጅ ፊት ቆመው የሚያለቅሱ ሰዎች ካሉ ዝም ማለት እንደሚሻል ነገረቻት። ጳጳሱ ጋ ስትደርስ እዚህ ያለችው ጎድላለች፣ ዛሬውኑ ለበላይ ይነገር አለች። ቤጎኛ አንዱንም ሳትቸኩል እሺ፣ እሺ እያለች ተከተለቻት። ከውጭ የሚጣራ ባልደረባዋን እጇን አውጥታ ቆይ አለችው።

አበቃ ስንል ላሊ ቆም አለች። ወደ ቤጎኛ ጠጋ ብላ ድምጿን ቀነሰች። ባዶ የሙዚየም ክፍል ውስጥ ግን ድምፅ ቢቀነስም ይሰማል፣ አግዳሚው ወንበር ድረስ ይሰማል።

«አንድ ነገር አለ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጣ ገልባጭ አለ» አለቻት። «ቀጭን ነው፣ ኮቱ ቀለም በቀለም። ያቺን ዶሮ ገልብጦ ገልብጦ አይጨርስም። ማንም እንዳያስቸግረው።»

«እሺ፣ አያስቸግሩትም።»

«በመጣ ቁጥር እዚህ ክፍል የሚያገኘኝ ዕድሉ ሆኖ ይመስለዋል።» ላሊ ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ እንደ ኮረዳ። «ዕድል ይላል እንዴ! በየጊዜው ክፍል ሊቀይሩን ሲሉ እኔ ነኝ የምለምነው፤ እሁዶቼን እየሰጠሁ፣ በዓሎቼን እየሰጠሁ ከሰው ጋር የምቀያየረው። ይሄን እንዳትነግሪው፣ ይኮራብናል።»

በዚያ ዘመን ላሊ ለእሁድ ምሳ አትመጣም ነበር። አለቃዬ አልለቅ አለኝ ትለን ነበር፤ እናታችን ስንት እሁድ ያንን አለቃ ሾርባዋን እያማሰለች ስትረግመው ኖራለች። ምስኪን አለቃ! ለእህቷ እንኳ ሳትተነፍስ ያን ሁሉ ጊዜ ይዛው ኖረች። ወደ ካሲሚሮ ዞርኩ። ቀና ብሏል። ዕድሜውን ሙሉ እሱ ፈልጎ ያገኛት የመሰለው ሰው፣ ስትጠብቀው እንደነበር ገና አሁን መስማቱ ነው።

ላሊ አልጨረሰችም። ሳቋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ።

«ነገ ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱኛል። ሩቅ ነው አሉ» አለች። «የሚቀያየረኝ ሰው ፈለግኩ፣ አጣሁ። ይሄንን ግን ንገሪልኝ። መጥቶ ሲያጣኝ እኔ ፈልጌ የሄድኩ እንዳይመስለው።»

ቤጎኛ ቀጥላ የጠየቀችውን ነገር ማንም አልነገራትም፣ ከራሷ ልብ ነው ያመጣችው፤ ለዚያ ለአንዱ ጥያቄ እስክሞት እመርቃታለሁ።

«እነግረዋለሁ። ስሙን ማን ብዬ ልጠይቅ?»

ላሊ ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየቻት።

«ካሲሚሮ ነዋ» አለች። «ካሲሚሮ በይው።»

አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ፣ መሀረብ አጥቼ በእጅጌዬ አለቀስኩ። ካሲሚሮ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀምጧል፣ እንባው አገጩ ላይ ያለችውን የወረቀት ቁራጭ እያራሰ ይወርዳል። ተነስ፣ ሂድላት ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ምን ይዞት ነው ብዬ ተናደድኩበት። በኋላ ስጠይቀው፣ ብቀርባት እንደገና ጌታዬ ትለኝ ነበር፣ ስሜን እንደያዝኩ ልውጣ ብዬ ነው አለኝ።

ቤጎኛ ክፍሉን ተረክቤያለሁ ብላ ላሊን በእጇ ጨበጠቻት። ላሊም ጨበጠቻትና ትከሻዋ ዝቅ አለ፣ ጀርባዋም ትንሽ ጎበጥ አለ፣ ክንዴን ፈልጋ ያዘች። ደከመኝ አለችኝ። በትልቁ አዳራሽ አልፈን ወጣን። ከኋላችን የካሲሚሮ ጫማ በባዶው ወለል ላይ ይሰማል፤ ሊቀርበን አልፈለገም፣ ሊርቀንም አልቻለም።

ውጭ መሽቶ መብራቶቹ በርተዋል። ደረጃውን መውረድ ስንጀምር ላሊ አንገቷን ሳታዞር ጠየቀችኝ።

«ፊሎ፣ ማነው የሚከተለን?»

ባልሽ ብላት ትፈራለች፣ ሰውየው ብላት ደግሞ ያ ምስኪን ይሰማናል።

«ገልባጩ ነው» አልኳት። «ያ የዶሮው።»

አንድ ደረጃ ወረድን። ነፃ በነበረው እጇ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገችና ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እንግዲያው ቀስ በያ» አለችኝ። «ይድረስብን።»